የበረዶው አፍ ሳይዘጋ

«መልሕቁን እየሳብኩ ነው» አለች ቶሪል ከጀልባዋ ላይ በሬዲዮው። «ነፋሱ ዞሯል። ተንሳፋፊው በረዶ የወሽመጡን አፍ ሊዘጋብን ነው።»

የወንድሟ የአይቪን ድምፅ ከተራራው ላይ እየተቆራረጠ መጣ። ስድስት መንገደኞችን በስኪ፣ በበረዶ መንሸራተቻ፣ እየመራ ጫፉ ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል።

«ስንት ደቂቃ አለሽ?»

«ቢበዛ ሃያ።»

«እኛ ለመውረድ ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል። አትጠብቂን፣ ውጪ!»

ሃልቫር ይህን ሰማ። ከመንገደኞቹ መሃል ጉልበቱ አብጦ ጀልባዋ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ሚስቱ ብሪት ተራራውን ከሚወጡት ጋር ናት።

«የት ልትሄጂ? ሰው ጥለሽ?»

«ከቆየን በረዶው ጀልባዋን እንደ እንቁላል ነው የሚሰብራት። ያኔ እነሱን ማን ያነሳቸዋል?»

«አርባ አራት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ ጥያት ሄጄ አላውቅም!»

«ይቆጡኝ፣ ግድ የለም። ግን መሪውን ይዘው ይቆጡኝ። በረዶውን የምገፋው እኔ ነኝ።»

ሃልቫር የድንች ገበሬ ነው፤ ትራክተር እንጂ ጀልባ ነድቶ አያውቅም። ቶሪል ግን መልሱን አልጠበቀችም። ረጅሙን ዘንግ ይዛ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሮጠች።

የቀረው የውሃ መንገድ የአንድ መጋዘን ስፋት ነበረው። ወዲያው ጀልባዋን ብቻ ወደሚያሳልፍ በር ጠበበ። ቶሪል ዘንጉን በረዶው ላይ ተክላ ባላት ኃይል ገፋች።

«ግራ! ግራ በል! አሁን ቀጥ! ወደ ኋላ አትይ፣ እኔን እይ!» አንቱታውን ረስታዋለች።

በረዶው የጀልባዋን ጎን ሲፍቀው ጩኸቱ ጥርስ ድረስ ዘለቀ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ሃልቫር አንገቱ ወደ ተራራው ዙር ዙር እያለው፣ ዓይኑን ከቶሪል ጀርባ አልነቀለም።

ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረች፤ የሰፊው ባሕር ማዕበል ነበር። ከኋላቸው ውሃ የሚባል አይታይም፤ ሁሉም ነጭ ሆኗል።

«ቶሪል፣ ሸንተረሩን ተሻግረን በወዲያኛው በኩል እንወርዳለን» አለ አይቪን። «እዚያ ባሕሩ ክፍት ነው፣ ይታየኛል። ዙሪና ጠብቂን።»

ወዲያው የብሪት ድምፅ ተከተለ። «ለመሆኑ ጀልባዋን እንደ ሰካራም ሲነዳት የነበረው ማነው?»

ቶሪል ወደ መሪው ተመልሳ ሬዲዮውን ዘረጋችለት። ሃልቫር ሊቀበላት ፈለገ፤ ጣቶቹ ግን ከመሪው አንላቀቅም አሉት።

እሷም ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠግታ፣ በሌላው እጇ ከትንሿ ጣቱ ጀምራ ጣቶቹን ከመሪው አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመረች።