ሦስተኛው ደረጃ

ማርያማዊት በደብረ ማርቆስ በአንድ የግል ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሣት ፈተና ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡት መርማሪዎች፣ «ሐሙስ ታካሚ መስለን ገብተን ሲስተሙን እንጥለዋለን፤ እንዴት እንደምታነሡት እናያለን» ብለዋታል።

የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው፣ እዚያው ሰርቨር ክፍል የተቀመጠ የታካሚዎች መዝገብ ቅጂ። ሁለተኛው፣ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ያለ ሌላ ቅጂ። ሦስተኛው ባሕር ዳር ያለ ሌላ ሰርቨር ነው፤ ዋናው ሲወድቅ ይተካል ተብሎ ይታሰባል። ማንም ግን ሞክሮት አያውቅም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ስክሪኑ ሁሉ ድርግም አለ።

«መጡልሽ» አለ ረዳቷ ደመላሽ፣ እጁን እያፋተገ።

በሰርቨር ክፍሉ በር ሥር ጭስ ይወጣል። ማርያማዊት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ሠርግ ላይ ሙሽሮች ሲገቡ ጭስ የሚለቁበትን ማሽን አምጥተው ነው።»

ደመላሽ የክፍሉን መብራት ከቆጣሪው አጠፋ። በሩን ገርበብ አድርጎም የእሳት ማጥፊያውን ወደ ጭሱ ለቀቀው። «ነጥብ እንዳይቀንሱብን» አለ።

አንደኛው ደረጃ አለቀለት። ወደ መጋዘኑ ሮጡ። ተቆልፏል፤ ጠባቂው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ለቅሶ ሄዷል።

«ይቺንም አስበውባታል» አለች ማርያማዊት በአድናቆት።

ሲመለሱ ነርስ ሥራነሽ እያለከለከች ደረሰች።

«ቀዶ ጥገና ክፍል ያለችው ወላድ ራሷን ስታለች። የማይስማማት መድኃኒት እንዳለ መዝገቧ ላይ ተጽፏል፤ የትኛው እንደሆነ ማየት አልቻልንም። ዶክተሩ መርፌ ይዞ ቆሟል።»

«ትወናሽ ግሩም ነው፣ እህቴ» አላት ደመላሽ።

ሥራነሽ አፍጥጣ አየችው።

ማርያማዊት ላፕቶፗን ከስልኳ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ ባሕር ዳርን ጠራች። ዝም። ደግማ ጠራች። ስክሪኑ ቦግ አለ፤ መዝገቡ ሁሉ እንዳለ ተዘረገፈ።

«ፔኒሲሊን!» ብላ ሥራነሽ በረረች።

ማርያማዊትና ደመላሽ ተቃቀፉ። እስክስታም ሞካከሩ። ብዙም ሳይቆይ ከወዲያ ማዶ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

«ድምፅ ሳይቀር ቀድተው መጥተዋል» አለ ደመላሽ፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ።

የማርያማዊት ስልክ ጠራ።

«ይቅርታ እህቴ፤ መኪናችን ዓባይ በረሃ ላይ ተበላሽቶ ደጀን እንኳ አልደረስንም። ፈተናውን ለነገ እናድርገው?»