የጋሼ ሲጋሮች

አይ፣ «ሽማግሌ ነው፣ ተወው» የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌ ከሆነ ይሁን! ሚስቱ ነገ ጠዋት ሳንባዋ ሊቀደድ፣ ሲጋር ደብቆ አውሮፕላን የሚሳፈር ሽማግሌ የት አገር ነው የሚከበረው? ሲጋራ ቢሆን እኮ ደህና ነበር። ሲጋር ነው፤ አውራ ጣት የሚያክል፣ ሽታው መጋረጃ ላይ ሳምንት የሚያድር።

ክብሪት ይህን ሁሉ ያወረደው ኤርፖርቱ በር ላይ፣ «ተው እንጂ፣ ትልቅ ሰው ናቸው» ባለው የታክሲ ሾፌር ላይ ነው። ሾፌሩ ሻንጣውን አስቀምጦ እብስ አለ። ልጁን ጋራዥ ውስጥ ክብሪት ያሉት በከንቱ አይደለም፤ አንድ ብሎን አልፈታም ካለው ከመኪናው ጋር ይጣላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ የሚላት አክስቱ፣ ከአራት ዓመቱ ጀምራ ያሳደገችው፣ ሳንባዋ ላይ እብጠት ተገኘባት። የሚቀድላት ሐኪም ያለው ሌላ ከተማ ነው። ቀጠሮውን ለማግኘት ሰባት ወር ደጅ ጠንተዋል። ሐኪሙም ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ጭስ የሚባል እንዳይደርስባት፣ ከደረሰባት ግን ቢላዬን አላነሳም ብሏል።

ያ ቤት ደግሞ ድሮም ሲጋር ሲጋር ይላል። ማን እንደሚያጨስ ጠያቂ የለም። ባሏ ነዋ! ጋሼ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ዝምተኛ። እትዬ በሳለች ቁጥር «አይ ያንተ ጭስ» ትለዋለች፣ እሱም አቀርቅሮ ሄዶ መስኮት ይከፍታል። ክብሪት ሲያጨስ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ተደብቆ ነው ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ይብስ ያንጨረጭረዋል።

በጉዞው ዋዜማ እትዬ ወደ ጓዳ ጠርታ አደራ አለችው። ዓይንህን እንዳትነቅልበት፣ ያገኘህበትን ሁሉ ንጠቅና ለኔ ስጠኝ፣ ሐኪሙ ፊት ዘርግቼ አሳፍረዋለሁ አለችው። ክብሪትም የአባቴ አጥንት ይውጋኝ ብሎ ማለ።

ሥራው ፍተሻው ላይ ተጀመረ። የጋሼ ቦርሳ በማሽኑ ካለፈ በኋላ ተመልሶ መጣ። ፈታሹ ከመነጽሩ ማስቀመጫ ውስጥ እንደ መቀስ ሁለት ቀለበት ያላት ብረት አወጣና ምን እንደሆነች ጠየቀ። ጋሼ ትንሽ አሰበና የጥፍር መቁረጫ ናት አለ። ፈታሹ ሳቀበት፤ የሲጋር ጫፍ መቁረጫ መሆኗን ያውቃታል። ከጥርስ ብሩሹ ቱቦ ውስጥ ሲጋር ወጣ። ከጫማው ላይተር። ከጃኬቱ ደግሞ ሌላ ትልቅ ላይተር፣ እሳቱ እንደ ብየዳ እሽሽሽ የሚል።

ፈታሹ ሕጉን አስረዳቸው። ሲጋሩ ያልፋል፣ መቁረጫዋም ትንሽ ስለሆነች ትለፍ፣ ተራው ላይተር ለአንድ ሰው አንድ፣ ኪስ ውስጥ ይፈቀዳል፣ ባለ ብየዳው ግን እዚሁ ይቀራል፤ ውስጥ ገብቶ ማጨስ ደግሞ ጨርሶ እንዳይታሰብ። ይህን እያለ ሲጋሩን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ቀስ በል ወንድሜ፣ ይፈረካከሳል» አለች እትዬ ከኋላ።

ክብሪት ዞር ብሎ አያት።

«ማስረጃ ነው» አለችው፣ ሳሏን እየዋጠች።

ክብሪት የተለቀቀውን ሁሉ ጠራርጎ እጇ ላይ አስረከባት። እሷም መርቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጋሼ ጫማውን መልሶ አጠለቀ።

መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ክብሪት ራሱ ፈታሽ ሆነ። ሰው እያየ ሽማግሌውን አስነስቶ እንደ ሌባ ዳበሰው። ከጋዜጣው እጥፋት ሁለተኛ ሲጋር ወጣ፣ ከባርኔጣው ገበር ሦስተኛ።

«ጋሼ፣ አንተ ግን ሰው ነህ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ለምጄ ነው።»

«ምኑን?»

«መያዙን» አለ ጋሼ፣ ባርኔጣውን መልሶ እየደፋ።

እነሱም ወደ እትዬ ቦርሳ ገቡ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ክብሪት ጋሼን መስኮቱ ሥር ቀረቀረውና እሱ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጠ። እትዬ የባሌ ልብስ ራሱ ይሸተኛል፣ ደረቴን ይይዘኛል ስላለች ኋላ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ወንበር ተፈለገላት። በገዛ ባሏ ተሰዳ ጥግ መቀመጧ ነው እኮ! ክብሪት ሆስተሷን ሰው የሚታሰርበት ገመድ ይኖርሽ ይሆን ብሎ ጠየቃት። ሻይ ሰጠችው።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ሲጨነቅ ሦስት ሌሊት አልተኛም ነበር። ሻዩን ሳይጨርስ አንገቱ ዘመመ።

የቀሰቀሰው አላርም ነው። ቲው፣ ቲው፣ ቲው ይላል። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሽማግሌው በላዩ ተሻግሮ ሄዷል! ክብሪት ዘሎ ተነሳ። ይህ ጭስ እትዬ ጋ ከደረሰ ሰባት ወር ሙሉ ደጅ የተጠናበት ቀጠሮ ገደል ገባ። የሰው እግር እየረገጠ ወደ ኋላ ሮጠ።

ጋሼ የሽንት ቤቱን በር በጀርባው ደግፎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ሆስተሷ ዞር በልልኝ ትለዋለች፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። ክብሪት ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ፣ ሳይጠየቅ። «እኔ ነኝ ያጨስኩት። ቅጡኝ፣ እሰሩኝ፤ ብቻ ወደየቦታችሁ ተመለሱ።»

አላርሙ አሁንም ይጮሃል። ጭሱ በበሩ ሥር ቀጭን ሆኖ ይወጣል። መቀርቀሪያው ላይ ያለችው ምልክት ቀይ ናት። ከውስጥ ሰው ሲስል ተሰማ፤ ረጅም፣ የታወቀ ሳል።

ክብሪት ኮሌታውን ለቀቀ። በሩን በቡጢ ነረተው።

«እትዬ፣ ነገ የሚቀደደው የማን ሳንባ መስሎሽ ነው?»