የተቆረጠው ንግግር

በገበያው ስብሰባ ላይ አስተዳዳሪው ከወንዙ ማዶ የሰፈሩትን ሰዎች «አረም ናቸው፤ አረም ደግሞ ይነቀላል» ብሎ ተናገረ። ንግግሩ በሬዲዮ በተላለፈ በሦስተኛው ቀን የማዶው መንደር ከነሰዎቹ ተቃጠለ።

የሕዝቡ ቁጣ ሲበረታ አስተዳዳሪው ጋዜጠኞችን ሰበሰበ። «እኔ የተናገርኩት ስለ እርሻ ነው። ንግግሬን ቆርጠው ያቀረቡት የሬዲዮ ሰዎቹ ናቸው፤ የፈሰሰው ደም በእነሱ እጅ ነው» አለ። ከዚያም ንግግሩን ወደ ቀረጸችው ጋዜጠኛ፣ ወደ ምንትዋብ ዞረ። «አልቆረጥኩም በይ እስቲ።»

«ቆርጫለሁ» አለች ምንትዋብ። ከቃጠሎው ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም ነበር።

«ሰማችሁ? በይ ሙሉውን አሰሚያቸው።»

«ይቅርብዎ፣ ክቡር አስተዳዳሪ።»

«አሰሚ አልኩሽ።»

መቅረጫውን ከፈተችው። ሁሉም የሚያውቀው ንግግር ተሰማ፤ ጭብጨባም ተከተለው። ጭብጨባው ሲበርድ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ «ልጆቻቸውንስ፣ ጌታዬ፣ ምን እናድርጋቸው?» ሲል ጠየቀ።

የአስተዳዳሪው ድምፅ እየሳቀ መለሰ፤ «አረም የሚነቀለው ሳያድግ ነው።»