የዝዩ አረማመድ

ዝዩ ይራመዳል። ነጩ ስክሪን ላይ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ ዳር ሲደርስ ዘለል ብሎ ይዞርና ይመለሳል። ደግሞ እንደገና። እኔ ከሁሉም ኋላ ተቀምጬ የባልደረቦቼን ማጅራት አያለሁ።

"እንዳታቋርጠው፣ ይደጋገም!" ይላል የካርቱን ፊልም ስቱዲዮው አለቃ፣ ኮምፒውተሩን ለያዘው የድምፅ ባለሙያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ዝምተኛዋ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የሣልሽው?"

"አዎ።"

"እግዜር አፍ ቢነሳሽም እጅ ሰጥቶሻል ማለት ነው።"

ሰዎቹ ለደንቡ ያህል ይስቃሉ።

ከወር በፊት እዚሁ ክፍል ውስጥ የሳቁት ግን ለደንቡ አልነበረም። ጋሼ ከሁላችንም በፊት እዚህ ቤት የነበሩ ሠዓሊ ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። አለቃ እርሳስ አንሥቶ፣ ጣቶቹን እያንቀጠቀጠ፣ አየር ላይ እንደ እሳቸው ሣለ። "ጋሼ እኮ ብዙ ሥዕል አያስፈልጋቸውም" አለ። "አንዷንም ሲይዟት ትንቀሳቀሳለች!" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሼም አብረው ፈገግ አሉ። ከሰዓት በኋላ እርሳሶቻቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ወጡ፤ አልተመለሱም። ስደውልላቸው "ደህና ነኝ ልጄ፣ እረፍት ላይ ነኝ" ይሉና ይዘጉታል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሼ አንድ ወፍራም ደብተር አምጥተው፣ በየገጹ ጥግ ላይ ኳስ ሣሉ፤ እያንዳንዷን ካለፈችው በጥቂቱ ፈቀቅ አድርገው። ገጾቹን በአውራ ጣታቸው ሲለቋቸው ኳሷ ነጠረች። "ዓይን ሞኝ ናት" አሉኝ። "የሄደውን ሳትሸኝ የመጣውን ትቀበላለች። ድሮ ሰዎች በክብ ካርቶን ዙሪያ ፈረስ እየደረደሩ ይሥሉና፣ መስታወት ፊት አሽከርክረው፣ በካርቶኑ ስንጥቆች እያዩ ያስጋልቡት ነበር። እኛም የምንበላው በዚያችው ሞኝነቷ ነው።" ቀጥለው ደግሞ፣ "ሰው አፉን ሳይከፍት በፊት በእግሩ ይናገራል። ክብደቱን የት እንደሚጥል ካወቅሽ ሰውየውን አወቅሽው" አሉ።

ጋሼ ከወጡ በኋላ እኔም አለቃን ማወቅ ጀመርኩ። ደረጃው ላይ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በመስኮት አጮልቄ። ለመነሣት ሲያስብ መጀመሪያ አንገቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ቀኝ ትከሻው እሱን ቀድሞ ይደርሳል። ወለሉ የሰደበው ይመስል በተረከዙ ይረግጠዋል። ሲዞር ዘለል ይላል፤ እሱ ከቆመ በኋላም የኮቱ ጫፍ ይወዛወዛል። ሁሉንም ለዝዩ ሰጠሁት። የኮቱን ጫፍ ጅራት አደረግሁለት። በእኛ ሥራ ማጋነን ይፈቀዳል፤ ይሄ ግን አላስፈለገውም።

ቢያባርረኝ ያባርረኝ። የምፈራው ሌላ ነው፤ ማንም ሳያውቀው ዝዩ ዝይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።

"ኧረ ይሄ ዝይ!" ይላል አለቃ ጭኑን እየመታ። "ራሱን ምን አድርጎ ነው የሚያየው?" ዝንጀሮ የራሷ መላጣ አይታያትም ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር።

ፊልሙን ለልጆች ፕሮግራሟ የምትገዛው ደንበኛችን ከፊት ተቀምጣለች። አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። "እኔ ግን ይሄን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?"

"እንዲህ ያለ ሰው በየሠፈሩ አንድ አይጠፋም!" ይላል አለቃ።

የድምፅ ባለሙያው ሳል ያንቀዋል።

"እስቲ አንድ ነገር ላሳይዎት" ይላታል አለቃ። አንገቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይነሣል። ቀኝ ትከሻው ቀድሞት ወደ ስክሪኑ ይሄዳል፤ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ ሲገባ ዝዩ ከኋላው ተከትሎታል። ተረከዝ፣ ተረከዝ። ዳር ይደርሳሉ። ሁለቱም ዘለል ብለው ይዞራሉ።

"ወይ ጉድ!" ደንበኛችን አፏን በእጇ ትይዛለች። "እርስዎ ነዎት እኮ!"

መጀመሪያ የሚፈነዳው የድምፅ ባለሙያው ነው። ከዚያ ሁሉም። አለቃ የሚያስቀውን ነገር ፍለጋ ወደ ስክሪኑ ይዞራል። ፊቱን ከጎን አያለሁ። ፈገግታው መጀመሪያ ከዓይኑ ይለቃል፤ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ ከዚያ ምንም።

"አጥፋው።"

"እንዳታቋርጠው ብለውኝ እኮ ነው፣ አለቃ" ይላል የድምፅ ባለሙያው፣ እንባውን እየጠረገ።

አለቃ ወደ ወንበሩ ለመመለስ እግሩን ያነሣል። ያነሣውን የት እንደሚያሳርፍ የጠፋው ይመስላል። ትከሻውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ቀኝ እጁ ከቀኝ እግሩ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ያስተካክላል፤ ይደናቀፋል። አሁን የሚስቁት ሆዳቸውን ይዘው ነው። አጠገቡ ያገኘው ወንበር ላይ ዘፍ ይላል።

ስብሰባው ያልቃል። ደንበኛችን "ዝዩን እንዳትነኩብኝ፤ በሱ ተስማምተናል" ብላ እየሳቀች ትወጣለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ይከተሏታል። ሁሉም በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር ብለው አለቃን ያዩታል። "ሂዱ፣ እመጣለሁ" ይላል፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ።

እኔ አልተነሣሁም።

"ዝምተኛዋ" ይላል ቀና ሳይል። ድምፁ ቀጥኗል። "አትሄጂም እንዴ?"

ተነሥቼ በሩን እስከ መጨረሻው እከፍትለታለሁ።

"ይቅደሙ" እላለሁ በትሕትና።

ቀና ብሎ ያያል፤ እኔን ሳይሆን፣ በእሱና በበሩ መካከል የተዘረጋውን ባዶ ወለል።