የግራው ክንፍ

ካቻቢቴዬን ከማጠፊያው ሥር አስገብቼ ብገፋው ብገፋው፣ የኮመዲኖው የግራ መስታወት እግሯን እንደተከለች አህያ እምቢ ይላል። ዘይት ጠብ አደርግበትና ጥቂት እጠብቃለሁ።

ያለሁት ሹም አቦ ሰፈር፣ እትዬ አገርነሽ መኝታ ቤት ነው። ባለቤታቸው ጋሽ አዘዘ ካረፉ ዓመት ሞላ፤ ዛሬ ከሰዓት ዘመድ ተሰብስቦ ከላቸውን ሊያስወልቃቸው ነው። እሳቸው ግን በሐዘኑ ሰሞን መስታወት ፊት አልቀመጥም እንዳሉ ቀሩ። ልጃቸው ሔራን ጥፋተኛ ያደረገችው ኮመዲኖውን ነው። “ጋሽ ጌትነት፣ አሮጌ ስለሆነ ነው ያስጠላት” ብላ ዙሪያውን አምፖል የተደረደረበት፣ ቆመው የሚኳኳሉበት አዲስ አዛኛለች። ይህንን እኔው ልወስደው ነው።

አሮጌ ዕቃ ሲናቅ ደሜ ይፈላል። የመጀመሪያዎቹ ኮመዲኖዎች እግራቸው አጭር፣ መስታወታቸው ክብ ነበር፤ ሴትየዋ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጊዜ ወስዳ ትበጠርበታለች። ቀጥሎ ሹሩባን ከኋላ ሳይቀር የሚያሳይ እንደዚህ ያለ ባለ ሦስት ክንፍ መጣ። ከዚያ ፎርማይካ የለበሰ፣ የቴፕ ማስቀመጫ ያለው። አሁን ደግሞ የታመቀ እንጨትና አምፖል። መስታወቱ እየተለቀ፣ መቀመጫው እየጠፋ ሄደ። ሰው አርፎ መቀመጥ የተወ ይመስለኛል።

ይህኛው ንጹሕ ዋንዛ ነው፤ መሳቢያው ዛሬም በአንድ ጣት ይሳባል። ስለዚህ ሔራንን ለመንኋት። ልጠግነውና እናትሽ ይዩት፣ ካልወደዱት እወስደዋለሁ አልኋት። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ የግራው ክንፍ ግማሽ ተከፍቶ ዝጎ ቀርቷል።

ማጠፊያው ሲጥ ይልና ይለቃል። ክንፉን ወደ ውስጥ ወደ ውጭ አመላልሰዋለሁ፤ ቅቤ ሆኗል። ከቀኙ ጋር አስተካክዬ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ “እትዬ፣ ይምጡ ይዩት” እላለሁ።

እትዬ አገርነሽ በጥቁር ቀሚሳቸው በሩ ላይ ይደርሳሉ፤ ሔራን ከኋላቸው ናት። ክንፉን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል።

“ማነው የነካው?”

“እኔ ነኝ። ዝጎ ነበር እኮ።”

“እንዲያ አርጌ ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ ካቆምሁት ወዲያ ነክቼው አላውቅም።”

ቀስ ብለው ዱካው ላይ ይቀመጣሉ።

“ጧት ጧት ስበጠር አዘዘ እዚያች አልጋ ጠርዝ ላይ ሁኖ ጫማውን ያስራል። በዚች ክንፍ አየው ነበር። ዕድሜ ልኩን ራሴን የማይ ሲመስለው ኖረ።” ሔራንን ቀና ብለው ያያሉ። “ከሞተ ወዲህ ብቀመጥ የሚታየኝ ባዶ አልጋ ነው። ሳልበጠር ብውል ይሻለኛል አልሁ። ይወሰድ ስትዪ ደግሞ ሆዴ እምቢ አለኝ።”

ካቻቢቴዬን መልሼ አነሳለሁ። “ወደ ነበረበት ልመልሰው?” እላለሁ።

“የት እንደነበረ ታውቀዋለህ?”

አላውቀውም። እንደ ዝገት ነበር ያየሁት፤ ጠርጌ ጣልሁት።

ሔራን አባቷ ጫማቸውን ያስሩበት በነበረው አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ትልና እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። እናቷ ክንፉን በጣታቸው ጫፍ ይገፉታል። ግድግዳው ያልፋል፣ ቁም ሣጥኑ ያልፋል፣ መስኮቱ ያልፋል። ከዚያ ጣታቸው ይቆማል።

እኔ ከቆምሁበት የሚያዩት አይታየኝም።

“ሔራን።”

“አቤት፣ እማዬ።”

“ዘመድ ሊመጣ ነው። ይኸን ጸጉር ይዘሽ ነው እንግዳ የምትቀበዪው?”

ሔራን እጇን ወደ ጸጉሯ ትሰዳለች። እትዬ አገርነሽ ዓይናቸውን ከክንፉ ሳያነሱ መሳቢያውን ስበው ሚዶውን ያወጣሉ፤ ዞር ሳይሉም ወደ ኋላቸው ይዘረጉላታል።