ትንሿ ቮልስ

ሳጅን ትርሲት ቀይዋን ቮልስ ሁለት ጊዜ ዞረቻት። ተንበርክካ የፊት ፓራውልቷን በእጇ ዳሰሰች፤ የጎበጠ ነገር አላገኘችም። የቀኙ መብራት ከግራው ይበልጥ ያብረቀርቃል። መብራት መቀየር ግን ወንጀል አይደለም። ባለቤቱ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ይቅርታ ጋሼ፤ ሐሙስ ዕለት ሴትዮዋን ገጭቶ ያመለጠው ቀይ ቮልስ ነው ስለተባለ፣ ቀይ ቮልስ ያለውን ሁሉ እያየን ነው» አለችው።

«ግዴለም ልጄ፣ ሥራሽ ነው። እኔ እንደሆንኩ ሐሙስ ከቤት አልወጣሁም።»

ይህንኑ ቃሉን ሊፈርም ሳሎን ገቡ። አንገቱን እንደደፋ ፈረመ። ሳጅኗ ወረቀቱን አጥፋ ልትወጣ ስትል፣ ቡፌው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የቆመች፣ መዳፍ የምታህል ቀይ ቮልስ አየች። የኋላ ጎማዎቿ ሰፋፊ ናቸው፤ ሞተሯ ክዳን የለውም። ቁርጥ ጋራዥ ያለችውን።

«ውይ ስታምር! ከየት ገዟት?»

«ምን ልገዛት!» ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «በገዛ እጄ ነው የሠራኋት፣ ከወተት ጣሳ! የትልቋን ጎማ ሳሰፋ የሷንም አሰፋሁ። የትልቋን ሞተር ስገልጥ የሷንም ገለጥኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ትልቋ ላይ የደረሰ ነገር ሁሉ በዚያው ዕለት ትንሿም ላይ ይደርሳል። አንዲት ጭረት አትቀረኝም!»

ሳጅኗ ትንሿን ቮልስ ከቡፌው ላይ አነሳችና አዞረቻት።

የቀኝ መብራቷ ተሰባብሯል፤ ፓራውልቷ ወደ ውስጥ ገብቷል።