ኦስሞ የቆፈረው ጉድጓድ

ቀበሮዋ ጉድጓዱን ተሻገረች ሲባል እሾሁ ላይ ወደቀች። ኦስሞ ጆይስቲኩን ጨምቆ ያዘ። ስክሪኑ ላይ ያው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ወጣ፦ «ራስህ ማለፍ ያቃተህን ለማን ሠራኸው?»

የጻፈው ራሱ የጌሙ ደረጃ ነዳፊ ኦስሞ ነው። ጌሙ ከነደረጃ መሥሪያው ነው የሚሸጠው፤ የገዛው ሰው ሁሉ የራሱን ደረጃ፣ ቀበሮዋ የምታልፍበትን መንገድ፣ ሠርቶ ለሌላው ተጫዋች መልቀቅ ይችላል። ይህ ነገር ኦስሞን ያንገሸግሸዋል። እሱ ፀጉሩ እስኪሸብት የለፋበትን ሙያ፣ ዛሬ ማንም ሥራ ፈት ሶፋው ላይ ተጋድሞ እሾህ በእሾህ ላይ ከምሮ «ሠራሁ» ሊል ነው። ስለዚህ ሕግ አስገባ። የሠራኸውን ደረጃ መጀመሪያ ራስህ እስከ ባንዲራው ካልጨረስክ «ልቀቅ» የሚለው ቁልፍ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ለሚወድቀው ደግሞ ያቺን ስድብ አዘጋጀለት።

«ትንሽ አለስልሰው» ብላው ነበር ፕሮግራመሯ ሳይላ። «ሰዎች ናቸው እኮ የሚያነቡት።»

«ሰዎች አይደሉም፤ ተጫዋቾች ናቸው» አላት።

ዛሬ አርብ ነው። የስቱዲዮው ሰው ሁሉ ቡናውንና ሄል የገባበትን ዳቦውን ይዞ ከኋላው ቆሟል። ጌሙ የሚከፈተው በኦስሞ ደረጃ ነው፣ ስሙም ከላዩ ተጽፎበታል። የስቱዲዮው ባለቤት ፔርቲ ግን ሕጉ ለስቱዲዮውም እንደሚሠራ፣ «እኛም በእናንተው በር ነው የምናልፈው» ብሎ ለተጫዋቾቹ ቃል ገብቷል። ኦስሞ እስከ ማታ ደረጃውን ራሱ ካልጨረሰ መክፈቻው የሳይላ ደረጃ ይሆናል፤ ኦስሞ «የመዋለ ሕፃናት» እያለ የሚጠራው።

ደግሞ ወደቀ። ማንም አልሳቀም። በፊንላንዷ ከተማ በታምፐሬ ሰው ሲወድቅ አይሳቅበትም፣ ዝም ይባላል፤ ቢስቁበት በተሻለው ነበር።

«ጆይስቲኩ ይሆን እንዴ?» አለ ፔርቲ፣ ዳቦውን እያኘከ።

«ጆይስቲኩ ደህና ነው» አለች ሳይላ።

ኦስሞ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ፍተሻውን ዝለይልኝ።»

«ለአንተ ብቻ?»

«ለእኔ ብቻ። እንደምችለው ታውቂ የለ?»

«አውቃለሁ። እነዚያ ሶፋ ላይ የተጋደሙትም እንደሚችሉት ያውቃሉ።»

ጆሮው ቀላ። «እንግዲያው ይቺን ጽሑፍ አጥፊያት።»

«ጽሑፉ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ አይነካም፤ አንተው ነህ የፈረምክበት። ለተርጓሚዎች ከሄደ ቆየ። የፊንላንድኛው ጠዋት ገብቷል።»

ኦስሞ ተርጓሚዎችንም ይንቃል። የሚናቅ ሰው ሲያገኝ ትንሽ ነፍሱ መለስ አለች። «እስቲ ክፈቺው፤ ምን አድርገው አበላሽተውት ይሆን» አለ።

ሳይላ ቋንቋውን ቀየረች። ቀበሮዋ እንደገና ተነሳች። የመጀመሪያውን ጉድጓድ አለፈች፣ ሁለተኛውንም፤ ተንሸራታቹ ድንጋይ ላይ ደርሳ ሚዛኗን ጠበቀች። ከኋላ አንድ ሰው ስኒውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ባንዲራው ታየ። ኦስሞ ሊስቅ ከንፈሩን ከፈት አደረገ፤ እግሯ ሊነካው አንድ ጣት ሲቀረው፣ ጅል ይወድቅበታል ብሎ ከሥሩ የተከላት የመጨረሻዋ እሾህ ያዘቻት።

ጽሑፉ ወጣ። ፔርቲ፣ ክፋት የማያውቅ ሰው፣ ትርጉሙን ለማየት ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበው፦ «ራስህ ማለፍ ያቃተህን ለማን ሠራኸው?»

ቆም ብሎ አሰበበትና «ጥሩ ተርጉመውታል» አለ።

በእንግሊዝኛ ቀልድ ትመስል ነበር። እናቱ በተናገረችበት ቋንቋ፣ በሰው ድምፅ ስትነበብ ግን ጥያቄ ሆና ቁጭ አለች። ኦስሞ አፈረ። መልስ ፈለገ፤ ይህን ደረጃ ሲሠራ ይደሰትበታል ብሎ ያሰበው አንድ ሰው ፈለገ። እየወደቀ ሲሳደብ በሐሳቡ ያየው ሰው ሞልቷል፤ የሚደሰት ግን አንድም አላገኘም።

ሰዎቹ ባዶ ስኒያቸውን እየያዙ ወደየወንበራቸው ተመለሱ። ሳይላ ብቻ ቀረች። ኦስሞ ጆይስቲኩን አስቀምጦ መሥሪያውን ከፈተና ከባንዲራው ሥር ያለችውን እሾህ ነቀለ።

«ልቀቅ» የሚለው ቁልፍ አሁንም ግራጫ ነው።